ውሃ የማይነካው ዱቄት

«አንድ ጎማ ሠሪ ነበረ» አሉ የቀድሞው የኬሚስትሪ መምህር ጋሽ ውብነህ፣ ሚስቱ ለምን እንደቀዘቀዘችበትና ማን እንደመከራት ሊጠይቃቸው ለመጣው ለታፈሰ።

ጎማ ሠሪው ሲሊኮን የሚባለውን ለስላሳ ጎማ ከነጭ የሲሊካ ዱቄት ጋር እያቦካ፣ የውሃ ፓምፕ እንዳያፈስ የሚገባበትን ማሸጊያ ይሠራ ነበር። ሲሊኮን ብቻውን ልፍስፍስ ነው፤ የሚያጠነክረው ዱቄቱ ነው። ዱቄቱ ግን ከአየር እርጥበት ይስብና ሥራ ያበላሻል። ስለዚህ ባለሙያዎች ውሃ እንዳይስብ ቀድመው በኬሚካል በልኩ ያክሙታል።

ይህ ሰው በልኩ አልረካም። ጥላውን እንኳ የማያምን ሰው ነበረ። ዱቄቱን አከመና ውሃ ጠብ አደረገበት፤ ጠብታው ትንሽ የሰረገ መሰለው። ደግሞ አከመው። አሁንም ዓይኑን አላመነም፤ እንደገና አከመው። በመጨረሻ ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ወረደ። ያን ዕለት እፎይ ብሎ ተኛ።

ማሸጊያዎቹ ግን ገና ሲወጠሩ ይበጣጠሱ ጀመር። ደንበኞቹ ሸሹት፤ ወርክሾፑ ሊዘጋ ደረሰ። ሰውየው ሲሊኮን የሚሸጥለትን ነጋዴ ጠረጠረ። «ይህ ሰው አንድ ነገር ቀላቅሎብኛል» አለ። ራሱን መጠርጠር ትዝም አላለው።

«ቀላቅሎበት ይሆናላ፣ ጋሼ» አለ ታፈሰ።

«ቆይ እንጂ» አሉት።

ሰውየው ነጋዴውን በማስረጃ ሊይዘው ቆርጦ፣ ከዚያው ሲሊኮን ሁለት ሊጥ አቦካ፤ አንዱን ባልታከመ ዱቄት፣ ሌላውን በራሱ ዱቄት። ሁለቱንም ሲሊኮን በሚያሟሟ ፈሳሽ ዘፈዘፋቸው። ዱቄቱ ያልያዘው ሲሊኮን ሟሙቶ ይሄዳል፤ የያዘው ይቀራል። ጥፋቱ የሲሊኮኑ ከሆነ ሁለቱም ዱቄቶች ባዷቸውን መውጣት አለባቸው። አውጥቶ አደረቀና መዘነ። ያልታከመው ዱቄት ሲሊኮኑን እንደለበሰ ወጣ። የእሱ ዱቄት ራቁቱን ወጣ።

ነጋዴው ምንም አልበደለውም። ዱቄቱ ውሃ የሚይዝበት እጅ ሲሊኮኑንም የሚይዝበት እጅ ነው፤ ሰውየው ከውሃ አድነዋለሁ ብሎ እጁን ሁሉ ቆርጦበታል።

ጋሽ ውብነህ ወደ ታፈሰ ዞሩ።

«አንተም እንደዚያው ነህ። ሚስትህን ከጎረቤት አራቅሃት፣ ከጓደኞቿ አጣላሃት፣ እህቶቿ ደጅህን እንዳይረግጡ አደረግህ። ከዚያ ‹እኔንም እንደ እንግዳ ታየኛለች› ብለህ፣ ማን እንደመከራት ልትጠይቀኝ መጣህ። ማንም አልመከራትም፣ ልጄ። አንተን የምትወድበት ልብ እህቶቿን የምትወድበት ልብ ነበር። ሌላ ልብ የላትም።»