ቀጋ የመሰከረላት ሴት

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ጆሯችሁን ለእኔ፣ ልባችሁን ለተረቱ ስጡ።

በድሮ ዘመን የውብዳር የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባሏ ትቶላት የሄደው ልጆቿንና አንድ ቁራሽ መሬት ነው። በድንበሩ ላይ የቀጋ አጥር ተክሎላት ነበር። ሲሞትም «ቀጋውን አደራ» ብሎ ነው የሞተው።

ጎረቤቷ አያ ሽባባው ከብቱ በረት የሞላ ሰው ነበር፤ ዓይኑ ግን ከሰው መሬት አይነሣም። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቆሞ፣ «አንቺ፣ ይህ እሾህ ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«እሾህ አይበሉት፣ አያ ሽባባው፤ ስም አለው። ቀጋ ነው። ጅብ ይከለክልልኛል። ፍሬው ሲቀላ ልጆቼ ይበሉታል። ሆዳቸውን ትል ሲያውካቸውም መድኃኒታቸው እሱ ነው።»

«እሾህ እሾህ ነው!» ብሎ ሄደ።

በጋው ሲጸና የውብዳር ልጆቿን ይዛ ለእናቷ ተዝካር ወደ አገሯ ወረደች። ስትመለስ ቀጋው የለም። አያ ሽባባው ቆርጦ፣ አቃጥሎ፣ አመዱን በማረሻ ገልብጦ፣ ድንበሩን እስከ ደጃፏ አምጥቶታል። የውብዳር አምርራ አለቀሰች። መሬቱ ከሄደ ልጆቿ የሰው ደጅ ሊጠኑ ነው።

ከሰሰችው። ዳኛውና ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ።

«ምስክር አለሽ ወይ?» አሏት። ጎረቤቶቿ አያ ሽባባውን ፈርተው መሬት መሬት አዩ።

በሁለተኛው ቀጠሮ «እንግዲያው እሱ ይማል» ተባለ። አያ ሽባባው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እዚህ አጥር ኖሮ አያውቅም! ብዋሽ በረቴ ባዶ ይቅር!» ብሎ ማለ። የማለ ደግሞ ይረታል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ሊፈረድባት ሲል የውብዳር ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች። «አባቶቼ፣ አንድ ምስክር አለኝ። ሰኔ ሲገባ ይደርሳል። እስከዚያ ታገሡኝ።»

አያ ሽባባው ሳቀ። «ይምጣ! ይህ አገር እኔን የማይፈራ አላበቀለም።»

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ወረደ። ሽማግሌዎቹ መሬቱን ሊያዩ ቢወጡ፣ በአያ ሽባባው እርሻ መካከል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የቀጋ ቡቃያ በመስመር ቆሟል። ቆርጦታል፤ ሥሩ ግን ነበር። አቃጥሎታል፤ ሥሩ ግን ነበር። አርሶታል፤ ሥሩ ግን ነበር።

«ምስክሬ ይኸውላችሁ» አለች የውብዳር። «ሰው አይፈራም። መማለጃም አይበላም።»

ዳኛው ወደ አያ ሽባባው ዞረ። «በበረትህ ምለህ ነበር» አለው።

መሬቱ ለየውብዳር ተመለሰ። የሐሰተኛው ከብቶችም እንደ መሐላው ተወርሰው፣ አንድ ሳይቀር በደጁ እየተነዱ ወጡ። አያ ሽባባው ከባዶው በረቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ቀረ። ቀጋው አድጎ ነጭ አበባውን ሲያወጣ፣ ፊት ለፊቱ ነበርና ማየት አልቀረለትም።

የናቁት ያደርጋል ራቁት፣ ልጆቼ። እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ ይዛችሁት እደሩ።