የአልጋው ጠርዝ

አንድ አናጺ ነበረ። ለሴት ልጁ ለሐመልማል ከዋንዛ እንጨት አልጋ ሠራላት። ጥርስ ማብቀል ስትጀምር የአልጋውን ጠርዝ ይዛ እየቆመች ትነክሰው ጀመር።

«አንቺ አይጥ! የአባትሽን ሥራ ልትጨርሺው ነው?» ይላታል። እሷ ትስቃለች፤ መልሳ ትነክሳለች።

ክረምቱ ሳይወጣ ሐመልማል ታመመች፤ ሞተች።

ድንኳኑ ፈርሶ ለቀስተኛው ሲበተን እናቷ ዘነበች አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አውራ ጣቷን በጥርሱ ምልክት ላይ ስታመላልስ ትውላለች። እህል አትቀምስም። አናጺው ልጁን ቀብሮ ሚስቱን ሊያስከትል የቀረበ መሰለው።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወርዶፋ ሊጠይቋቸው መጥተው ይህን አዩ።

«ልጄ፣ ይህን አልጋ ከፊቷ አንሣው» አሉት።

«ካወጣሁት አብራው ትወጣለች፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ምልክቱን አጥፋዋ! የሰው ሁሉ በር ስታሳምር አይደል የምትውለው? አድሰው። ነገ ሌላ ልጅ ይተኛበታል።»

ዘነበች እናቷ ቤት ሄዳ ባደረች ጊዜ አናጺው ሥራ ጀመረ። እርጥብ ጨርቅ ጠርዙ ላይ አነጠፈና የጋለ ካውያ አስቀመጠበት። እንፋሎቱ ሲገባበት እንጨቱ አበጠ፤ የጎደጎደው ሁሉ እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ቀስ እያለ ተነሣ። አንዷ ምልክት ግን እምቢ አለች። እዚያ ላይ የልጅቷ ጥርስ እንጨቱን ቆርጦት ነበር። አናጺው ብርጭቆ ወረቀት አነሣ። «አይጥ» ሲላት እየሳቀች የነከሰቻት መሆኗን ባወቀ ጊዜ እጁ ቆመ። ሚስቱን አሰበና ፈገፈጋት። እርጥብ ጨርቅ አሳልፎ አየ፤ ምንም የለም። ሲደርቅ ቫርኒሽ ቀባው። በሙያው ኮራ።

ዘነበች ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ እንደ ልማዷ ተቀመጠች። አውራ ጣቷ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«የት ወሰድካት?» አለችው።

«ይሻልሻል ብዬ ነው፣ ዘነቡ…»

«እዚህ ነበረች።»

አላለቀሰችም። ተንበርክካ የእንጨቱን ብናኝ ከወለሉ ላይ በነጠላዋ ጫፍ ትሰበስብ ጀመር።

አናጺው ምልክቷን መልሶ ሊቀርጽ መሮውን አነሣ። በወንበር እግር ላይ የአንበሳ ጥፍር የሚቀርጽ እጅ ነበረው። የሕፃን ጥርስ ግን አያውቅም። መሮውን ጣለና አጠገቧ ተንበርክኮ ብናኝ ይለቅም ጀመር።

አልጋው ዛሬም ያብለጨልጫል። የሚተኛበት የለም።

ወገኖቼ፣ እንከን የምንለው አንዳንዱ ነገር ከሄደ ሰው የቀረን ብቻ ነው። እሱን የሚያጠፋ መሣሪያ ሞልቷል፤ የሚመልስ ግን አልተሠራም። ሐዘንተኛ ቤት ገብታችሁ «እርሳው» ከማለታችሁ በፊት፣ እጁ የት ላይ እንደሚያርፍ አይታችኋል?