አልጮህ ያለው ከበሮ

ቀረብ በሉ፤ ከበሮ አዝላ ባሕር ማዶ የሄደች ሴት ወግ ይዤላችኋለሁ።

ትርንጎ ትባላለች። አሰላ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ደወል ደውላለች። መምህራኑ ጡረታ ወጥተው ኳየር ሲያቋቁሙ ከበሮ መቺ አጡና እሷን ጠሩ። መሪያቸው መምህር ደምሰው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ትርንጎ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ድምፅሽ ግን መጋዝ ነው። ምቺ እንጂ አትዝፈኚ» አሏት። እሺ አለች። ሰባት ዓመት ሙሉ አፏን ዘግታ መታች።

ታዲያ ኳየሩ ኦስትሪያ ተጋበዘ። ዝግጅቱ በአንዲት ትንሽ የተራራ ከተማ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነው። ጠዋት ትርንጎ ከበሮዋን ብትመታው «ድም» ይላል ስትል «ፏ» አለ። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ቆዳውን አርግቦታል። በሆቴሉ የፀጉር ማድረቂያ ልታደርቀው ሞከረች፤ ማድረቂያው ተቃጠለ፣ ከበሮው ግን ወይ ፍንክች።

«ካልጮኸ በእነሱ ፒያኖ እንዘምራለን» አሉ መምህር ደምሰው። «አንቺ ከተመልካቹ ጋር ትቀመጫለሽ።»

ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣችው ወንበር ልታሞቅ ነው? «እፍኝ እሳት ባገኝ ይበቃኛል» አለችና ከበሮዋን አዝላ፣ አስተርጓሚያቸውን ወለላን አስከትላ ወጣች።

ዳቦ ቤት ገቡ።

«ወንድሜ፣ እሳት ስጠኝ። ከበሮው አልጮህ አለ!»

«ምድጃዬ የሚነደው በእንጨት ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «እንጨቴ አልቋል፤ የሚያመጣልኝ ትራክተርም የውኃ ሽታ ሆኗል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርብኝ ይል ነበር። ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ዳገቱን ወጣች። ትራክተሩ እንጨት እንደተሸከመ መንገድ ላይ ቆሟል።

«ባለትራክተር፣ እንጨቱን አምጣ። ምድጃው አልነድ አለ፣ ከበሮው አልጮህ አለ!»

«በየት በኩል ልለፍ? ላሚቱ አላሳልፍ አለችኝ።»

እውነቱን ነው። አንዲት ግንባረ ነጭ ላም ጠባቡን መንገድ ሞልታ ተኝታ ታመሰኳለች። ባለቤቷ፣ አንገታቸውን በሻርፕ የጠቀለሉ ሽማግሌ፣ አጠገቧ ቆመዋል።

«አባባ፣ ላምዎን ያስነሱልኝ። ትራክተሩ አላልፍ አለ፣ ምድጃው አልነድ አለ፣ ከበሮው አልጮህ አለ!»

ሽማግሌው በሹክሹክታ መለሱ። «ይቺ ላም የምትነሳው በዘፈን ነው። የምዘፍንላት እኔ ነበርኩ፤ ብርድ መታኝና ድምፄ ተዘጋ። ብትገፊያት አትነሳም፣ ብትለምኛት አትነሳም።»

ዘፈንማ ሞልቶ! ሃያ ዘፋኝ አዳራሽ ተቀምጦ የለም? ትርንጎ ቁልቁል ሮጠች።

«መምህር፣ ይነሱ! ሽማግሌው መዝፈን አልቻሉ፣ ላሚቱ አልነሳ አለች፣ ትራክተሩ አላልፍ አለ፣ ምድጃው አልነድ አለ፣ ከበሮው አልጮህ አለ!»

«ሜዳ ላይ? በባዶ ድምፅ?» አሉ መምህር ደምሰው። «መጀመሪያ ከበሮሽ ይጩህ፤ ከዚያ እንወጣለን።»

እዩልኝ እንግዲህ! ከበሮው እሳት ይላል፤ ኳየሩ ከበሮ ይላል። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ትርንጎን እልህ ያዛት። ዳገቱን እንደገና ወጣች።

«እትዬ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች ወለላ እያለከለከች።

«ሰባት ዓመት የዘጋሁትን አፍ ልከፍት ነዋ!»

ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለች። እናቷ ላም ሲያልቡ ያደርጉት እንደነበረው የላሚቱን አንገት እያሻሸች፣ በዚያው በመጋዝ ድምፅዋ አዜመች፦

ተነሽ የኔ ቦራ፣ ተነሽ ግንባረ ወርቅ፣
መንገዱን ልቀቂ፣ ከበሮዬ ይድረቅ።

ላሚቱ ማመስኳቷን ተወች። ጆሮዋን አቆመች። ከዚያ ብድግ!

ላሚቱ ብትነሳ ትራክተሩ አለፈ፤ ትራክተሩ ቢያልፍ እንጨቱ ደረሰ፤ እንጨቱ ቢደርስ ምድጃው ነደደ፤ ምድጃው ቢነድ ቆዳው ደረቀ፤ ቆዳው ቢደርቅ ከበሮው «ድም!» አለ።

በአሥር ሰዓት ትርንጎ ከበሮዋን አንግታ ከኳየሩ ፊት ቆመች። መታች፤ እንደ ልማዷ አፏን ዘግታ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ሕዝቡ ሊወጣ ሲነሳ ግን ያ ሽማግሌ መጡና ለወለላ አንድ ነገር ሹክ አሏት። ወለላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አሉ መምህር ደምሰው።

«ላሚቱ እትዬ ትርንጎን ተከትላ መጥታ በሩ ላይ ተኝታለች። እትዬ ካልዘፈኑላት አልነሳም ብላለች። ሕዝቡ መውጫ የለውም።»

መምህር ደምሰው በሩን አዩ፤ ትርንጎን አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«በይ እንግዲህ ዝፈኚ» አሉ። «እኛ እንቀበልሻለን።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ ሃያ መምህራን ተቀበሏት። ወጌ ይኸው ነው፤ አፍ ማበሻ ዳቦ የፈለገ ካለ፣ ምድጃው አሁን ነዷል።