የትርንጎ ግራ እጅ

በድሮ ዘመን፣ ጦጣ ከሰው እኩል ሸንጎ ላይ በምትቀመጥበት ጊዜ፣ ትርንጎ የምትባል ፈሪ ልጅ ነበረች። ጠጋ በሉማ፣ ድምፄ ትንሽ ነው።

ትርንጎ ከዛፍ ወድቃ ጭንቅላቷን ከተመታች ወዲህ ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። ቀኟ ነጠላ ሲያለብሳት፣ ግራው ይገፋል። ቀኟ ጥጥ ሲፈትል፣ ግራው ይበጥሳል። ቀኟ በር ሲከፍት፣ ግራው ይዘጋል። የነካውን ደግሞ ጭብጥ! ከያዘ በቃ፣ አይለቅም።

እናቷ እንደ ሕፃን ታባብለዋለች። «እሹሩሩ፣ የኔ አንበሳ፣ በል ልቀቅ» እያለች ስታሻሸው፣ ቀስ ብሎ ይለቃል።

ሰው ግን ይህን አያውቅም። ትርንጎ እጇን ነጠላዋ ስር ትደብቃለች። ትልቅ ሰው ሲሰጣት እንኳ በአንድ እጇ ነው የምትቀበለው።

«አይ ባለጌ! በሁለት እጅ መቀበል አታውቅም!» ይሏታል።

አንድ ቀን እነትርንጎ ቤት የተቀመጠው የማኅበር ማር ጎደለ። ማሩ ያለበት ቅል አፈ ጠባብ ነው። እንደተከደነም ነው።

ሸንጎ ተሰበሰበ። ጦጢት ዘላ መሐል ገባች። ጦጢት ብልጥ፣ ጦጢት ምላሰኛ፣ ጦጢት ሆዳም።

«በቀዳዳ አይቻለሁ! የልጅቷ ግራ እጅ ማሩን ዝቆ ዝቆ፣ ቅሉን መልሶ ከደነው። ሌባ ባይሆን ለምን ትደብቀዋለች?»

ዳኛው አባ ይርዳው አዘኑ። «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ልኩን በጠፍር ይታሰር።»

እናቷ አለቀሰች። ፈሪዋ ትርንጎ ግን ተነሳች። ነጠላዋን ገለጠች።

«አባባ፣ እጄ አይታዘዘኝም፣ እውነት ነው። ግን የያዘውን አይለቅም። ማር ቢዝቅ ኖሮ ይኸው እስካሁን እንደጨበጠ ነበር። ሳይለቅ እንዴት መልሶ ይከድናል?»

«ውሸቷን ነው!» ጦጢት ጅራቷን እጁ ላይ አወዛወዘች። «እስቲ ያዘኝ! እስቲ ያዘኝ! እስቲ...»

ጭብጥ!

ጎተተች፣ አልለቀቀም። ጮኸች፣ አልለቀቀም። ለመነች፣ አልለቀቀም። ጅራቷ ላይ የደረቀው ማር በእጁ ሙቀት ቀልጦ ጠብ፣ ጠብ አለ። በጠባቡ አፍ የገባው ለካ ጅራት ኖሯል!

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። እናቷ እሹሩሩ ብላ አስለቀቀችው፤ ጦጢትም ተባረረች። ዛሬም ሰው ሲጠጋት ጅራቷን ይዛ ዛፍ ላይ የምትወጣው ለዚህ ነው።

አባ ይርዳው ለትርንጎ እሸት ማር ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች። ግራው ከማሩ ጋር የአባ ይርዳውንም ጣት ጭብጥ! እናቷ ልታስለቅቅ ሮጠች።

«ተዪው» አሉ አባ ይርዳው። «ልሰረው ያልኩት እኔ አይደለሁ? ይሰረኝ፤ ደስ ሲለው ይለቀኛል።» ከብት እስኪገባ አብረው ተቀመጡ።

አያችሁ፣ ሰው የደበቀውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ መጀመሪያ ጠይቁት። እኔ ተረቴን ለቀቅኋት፣ እናንተ ያዟት።