የአያ ጅቦ አንድ፣ የእመት አህያ ሠላሳ ሰባት ሺህ

ተረት ላውራችሁ፤ እሺ በሉኝ። እሺ ላለኝ እግዜር ሰሚ ጆሮ ይስጠው።

በድሮ ዘመን፣ አውሬውም ዕቃውም በሚናገርበት ጊዜ፣ ውርጭ የሚበዛበት አንድ ተራራ ነበረ። እዚያ እመት አህያ ትኖር ነበር። ሁለት ጊዜ አስወርዷት፣ በሦስተኛው ተስላ ያገኘቻት አንዲት ውርንጭላ ነበረቻት። ስሟን ስለቴ አለቻት። ዋሻቸው ጠባብ ነው፤ ግን ንጹሕ ነው።

ከበታቻቸው አያ ጅቦ ሰፊ ዋሻ ነበረው። አንድ ቀን ገደል ውስጥ ብረት አገኘ። ሳይነድ የሚሞቅ ብረት ነው፤ ከየት እንደ መጣ እግዜር ይወቀው። አጠገቡ አንዲት ሣጥን ወድቃለች፤ ስሟ ቆጣሪ።

«አያ ጅቦ፣ ተወው!» አለችው ቆጣሪ። «ይህ ብረት ዓይን የማያየው ፍንጣሪ ይረጫል። ፍንጣሪው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል። አጠገቡ የከረመ አይተርፍም።»

«አይተርፍም?» አለና ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። ብረቱን በረጅም ዱላ እየገፋ ዋሻው ውስጥ አስቀመጠው። እሱ ራሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጅ አደረ።

የኅዳር ውርጭ መጣ። ንጉሡ አንበሳ እንስሳቱን ሰበሰበ። «በአንድ ዋሻ እንከተት። በማን ይሁን?»

«በእኔ!» አለ ጅቦ። «ሰፊ ነው፣ ሙቅ ነው።»

«ኧረ ጌታዬ!» አለች አህያ። «እዚያ የሚያቃጥል ብረት አለ ብላ ቆጣሪ ነግራኛለች። የእኔ ቢጠብም ተጠጋግተን እናድራለን።»

«እንግዲያው ቆጣሪ ሁለቱንም ትቁጠር» አለ አንበሳ።

ቆጣሪ ወደ አህያ ዋሻ ገባች። ድንጋይ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይረጫል፤ እግዜር ሲፈጥረው እንዲያ ነው። ጢቅ… ጢቅ… «ሠላሳ ሰባት ሺህ ቤኬሬል» አለች። ቤኬሬል ትንሿ ስፍር ናት፤ በሴኮንድ አንዲት ፍንጣሪ ማለት ነች።

ወደ ጅቦ ዋሻ ስትገባ ጢቅጢቅታዋ እንደ በረዶ ወረደ። «ሠላሳ ሰባት ቢሊዮን ቤኬሬል!» ብላ ጮኸች።

«ይሄ ረዘመብኝ» አለ አንበሳ። «ጦጢት፣ አሳጥሪልኝ።»

እመት ጦጢት የንጉሡ ጸሐፊ ናት። ስፍር መመንዘር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ከዋሻው በላይ ያለውን ሾላ ደግሞ ጅቦ ትናንት ሰጥቷታል።

«በትልቁ ስፍር፣ በኪዩሪ ስንመነዝረው፣ ልክ አንድ ነው ጌታዬ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«የአህያ ሠላሳ ሰባት ሺህ፣ የጅቦ አንድ! አንቺ ሴትዮ፣ ልትፈጂን ነበር እንዴ?»

አህያ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጀርባዋ ግን ያውቃል። «ጌታዬ፣ እኔ ጤፍ ስሸከም ያረጀሁ ነኝ። እፍኝ ጤፍ ቢቆጠር ስንት ሺህ ፍሬ ነው? ጆንያው ግን አንድ ነው። ወገቤን የሰበረኝ አንዱ ነው እንጂ ሺሁ አይደለም። እባክዎ፣ ሁለቱን በአንድ ስፍር ያስቆጥሩልኝ።»

እንስሳቱ በሳቅ ፈነዱ። «አህያ ሒሳብ ጀመረች!» አለ ጅቦ። «ነገ ደግሞ ቅዳሴ ትቀድሳለች!»

የአህያ ዋሻ በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተደፈነ። ሁሉም ወደ ጅቦ ዋሻ ገቡ። ስለቴ ብርድ አይሆንላትም ነበርና እናቷ ብትከለክላትም ብረቱ ሥር ተኛች።

በሦስተኛው ቀን ስለቴን አስመለሳት። አህያ ወደ ጦጢት ሄደች። ጦጢት ሾላዋ ላይ በውርጭ ትንቀጠቀጣለች።

«አንቺስ ምነው ከሙቀቱ አትገቢ?»

«እኔ ብርድ ይስማማኛል።»

«በእመብርሃን ይዤሻለሁ፤ የእኔን ዋሻ በኪዩሪ መንዝሪና ለንጉሡ ንገሪው።»

«ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ» አለች ጦጢት፣ ፊቷን አዙራ።

አህያ ወደ ንጉሡ ሄደች። «ጌታዬ፣ ጦጢትን ይጠይቋት።»

«ፈርጃለሁ። አንድ ብሎ ነገር ማንን ይገድላል?»

በሳምንቱ የስለቴ ጠጉር ረገፈ። አህያ ዳግመኛ ሄደች። «ጌታዬ፣ ይጠይቋት።»

«ብርዱ ነው። ወደ ብረቱ ጠጋ አድርጊያት።»

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ስለቴ ራሷን በእናቷ እግር ላይ አድርጋ አረፈች። አህያ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች። ልጇን እየጎተተች አምጥታ ንጉሡ ፊት አስተኛቻት። አንበሳ ደንግጦ ጋማውን ቢነካ፣ ጋማው በእጁ ቀረ።

«ጦጢት! የአህያይቱ ዋሻ በኪዩሪ ስንት ነበር?»

«የአንድ ኪዩሪ ሚሊዮንኛ ጌታዬ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

«ዋሽተሽኛል!»

«ኧረ አልዋሸሁም። አንድ አልኩ፤ አንድ ነው።»

እውነቷን ነው፣ አልዋሸችም። ቆጣሪም አልዋሸችም። ስለቴ የሞተችው አንድም ውሸት ሳይነገር ነው። ጅቦም ደጅ ቁጭ ብሎ ምራቁን ይውጥ ነበር።

አህያ የዋሻዋን ደጅ የደፈነውን ድንጋይ አንድ በአንድ በጥርሷ ጎትታ አነሣች። ብቻዋን ገባች። «ጌታ ሆይ፣ አንተ አይተሃል» አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ተረቴን ጨረስኩ። አፌን የምታብሱበት ዳቦ አልፈልግም። አንድ አደራ ብቻ፤ ቁጥር የነገራችሁን ሁሉ፣ አንድም ይበል ሺህ፣ «በምን ስፍር?» በሉት። ልጅ ሳይሞት በሉት።