የጋሉ ድንጋዮች ምርመራ

ተረት ተረት፣ የፀሐይ በረት።

የቆቅ ገላ ብቻውን እንቁላል በማያሞቅበት ብርዳም አገር፣ እንሽላሊት በፀሐይ የጋሉ ድንጋዮችን እያመጣች የቆቅን ጎጆ ታሞቅላት ነበር።

አንበሳ ሥራዋን ወደደላት። «ልንደግፋት ይገባል» አለ፤ «ግን አታላይ እንዳይገባበት ድንጋዩ ሁሉ መጀመሪያ ዋሻ ገብቶ በኤሊ ይመርመር።»

ጠንቃቃዋ ኤሊ እያንዳንዱን ስታገላብጥ ሁለት ቀን አለፈ።

«እመት ኤሊ፣ ኧረ ባክዎ፣ እንቁላሎቼ ሊሞቱብኝ ነው!» አለች ቆቅ።

«ምን ላድርግ ልጄ? የጋለ ነው ተብሎ የገባው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው።»

እንሽላሊት ወደ አንበሳ ሮጠች። «ጌታዬ፣ ሳስገባውማ ያቃጥል ነበር!»

አንበሳ አንዱን ድንጋይ ዳሰሰና አዘነ። «አየሽ፣ ባንመረምር ኖሮ ይህን ሁሉ ታመጪብን ነበር» አለ፤ ሁለተኛ ኤሊም ሾመ።

ቆቅ ከቀዘቀዙት እንቁላሎቿ ላይ አልነሣም ብላ እዚያው ቀረች።