አባ ዥዋዥዌ

አንድ የጦር አዛዥ በራዳር የማይታይ አውሮፕላን ነበረው። ታሪኩን የሰማሁት ከሰው አፍ ነውና፣ ስም ወይም ቦታ ብሳሳት እንዳትቀየሙኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

አውሮፕላኑ ጥቁር ነው፤ ገላው በጠርዝ በጠርዝ የተቆረጠ። ከራዳር የሚሰውረው ይኸው ቅርጹ አየር ላይ ያንገዳግደዋል። ስለዚህ ሆዱ ውስጥ ኮምፒውተር ተቀምጦለታል፤ ባዘነበለ ቁጥር ቶሎ ብሎ ያቃናዋል። መጀመሪያ ያበረረው ሻምበል ወርቅነህ ሲወርድ እየሳቀ «ዥዋዥዌ» አለው። ስሙም በዚያው ጸና።

አዛዡ ተቆጣ። በዚያ አገር ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። እሱ ደግሞ ፈረስ ስለሌለው በአውሮፕላኑ ስም መጠራት ያምረው ነበር።

«ነገ ሰው እኔን አባ ዥዋዥዌ ሊለኝ ነው?»

«ጌታዬ፣ ስሙ እኮ ለአብራሪው ምክር ነው» አለ ወርቅነህ።

«ከዛሬ ጀምሮ አባ ጽኑ ነው። ሌላ ስም ያነሳ ከበረራ ይወጣል።»

ወርቅነህ አባ ጽኑ ለማለት አፉ እሺ አላለውም። ከበረራ ታግዶ መቆጣጠሪያ ማማ ላይ ተቀመጠ። በእሱ ቦታ የአዛዡ ልጅ፣ መቶ አለቃ ጎሹ ተተካ። ስለ መወዛወዙ አንድም ሰው አልነገረውም። ማን ደፍሮ?

በንጉሡ በዓል ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ጎሹ ሽቅብ ሲመነጠቅ እልልታው ቀለጠ። ከከተማው በላይ ሲታጠፍ ግን አውሮፕላኑ ተወዛወዘ። ጎሹ ወደ ግራ ሲመልሰው ወደ ቀኝ ባሰበት፤ ወደ ቀኝ ሲመልሰው ወደ ግራ።

«አባ ጽኑ ተበላሽቷል፤ በጃንጥላ ልወርድ ነው» አለ በሬዲዮ።

እሱ ቢዘል አውሮፕላኑ የሚወድቀው ሕዝቡ ላይ ነው። አዛዡ ማማውን በሩጫ ወጥቶ የወርቅነህን ክንድ ጨበጠ።

«ወንድሜ፣ ያ ዥዋዥዌ ልጄን ሊበላብኝ ነው። አንድ ነገር በለው።»

ወርቅነህ ሬዲዮውን አነሳ። «ጎሹ፣ አልተበላሸም። እኛ ዥዋዥዌ ነው የምንለው፤ መወዛወዝ ጠባዩ ነው። አንተና ኮምፒውተሩ እየተጓተታችሁ ነው። እጅህን አላላ።»

«ላላላው?»

«ልጅ ሆነህ ዥዋዥዌ አልተጫወትክም? አብረኸው ትሄዳለህ እንጂ ትታገለዋለህ?»

ጎሹ እጁን አላላ። አውሮፕላኑ ጥቂት ተወዛውዞ ቀጥ አለ፤ በሰላምም አረፈ። ልጁ ወረደና አባቱን አየው።

«አባባ፣ ስሙን ለምን ደበቅከኝ?»



ቅጽል ስም ሁሉ ስድብ አይደለም። አንዳንዱ የሚያውቁን ሰዎች ለማያውቁን የሚተዉት ማስጠንቀቂያ ነው። ጉድለታችንን በመልካም ስም ስንሸፍነው፣ የሚጎዳው ስሙን አምኖ የሚሳፈረው ነው። እናንተስ ጽኑ እያላችሁ የምትጠሩት የሚወዛወዝ ነገር የለም?

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። አዛዡ ጡረታ ወጥቷል፤ ሰፈሩ «አባ ዥዋዥዌ» ሲለው «አቤት» ይላል አሉ።